ቀላል ክንፍ ለስስ አየር፦ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ግንባታና አጨራረስ

በሽቦ የሚመራ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ሞተር ያለው፣ የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ግን የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። አብራሪው ሜዳ መሀል ቆሞ መያዣ ይጨብጣል። ከመያዣው የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ከ18 እስከ 20 ሜትር ተዘርግተው በአውሮፕላኑ ግራ ክንፍ በኩል ይገባሉ። አውሮፕላኑ አብራሪውን እየዞረ ይበራል። የእጅ አንጓ ወደ ላይ ሲታጠፍ አፍንጫው ይነሣል፤ ወደ ታች ሲታጠፍ ይደፋል። አብራሪው ያለው ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚሁ ብቻ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘንና ስምንት ቁጥር አየር ላይ ይሣላሉ፣ በጀርባ መብረርም ይቻላል።

አሠራሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። በሰፊው ያስተዋወቀው ጂም ዎከር የተባለ የኦሪገን ሰው ሲሆን፣ «ፋየርቦል» የተሰኘ ሞዴሉን ለገበያ አቅርቧል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ አልድሪች «ኖብለር» የተባለውን ንድፍ ሲያወጣ የአክሮባት ሞዴል ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያዘ፦ ወፍራም ክንፍ፣ ከክንፉ ኋላ ሰፋፊ ፍላፖች፣ ከፍላፖቹ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጭራ ኤሌቬተር። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ዘርፉን «ኤፍ 2 ቢ» ብሎ መድቦታል፤ በሕጉም መሠረት የሽቦው ርዝመት ከ21.5 ሜትር አይበልጥም።

የቦሌ አየር ምን ይወስዳል?

የአዲስ አበባው ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ቦሌ ላይ ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት ወደ 0.95፣ ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት ደግሞ ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ይወርዳል። አማካዩን 0.93 ብንይዝ ክንፉ የሚደገፍበት አየር በባሕር ወለል ካለው 76 በመቶ ያህሉ ነው። ከቦሌ ማኮብኮቢያዎች አንዱ 3,800 ሜትር የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጄት በስስ አየር ለመነሣት የበለጠ መንደርደር አለበት። ሞዴል አውሮፕላን ግን መንደርደሪያ ቢጨመርለት የሚያተርፈው የለም፤ ችግሩ የሚጠብቀው አየር ላይ፣ በየኩርባው ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። የክንፉ ስፋት 36 ዴሲ ሜትር ካሬ፣ ክብደቱ 1,200 ግራም፣ ሽቦው 19 ሜትር የሆነ መደበኛ ሞዴል ይወሰድ። አንዱን ዙር በ5.2 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 23 ሜትር፣ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ አውሮፕላን ሰባት ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ሲሠራ በክቡ ግርጌ ክንፉ የሚሸከመው ከራሱ ክብደት ስምንት እጥፍ በላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ክንፍ ይህን ያለ ጭንቀት ይችለዋል። ቦሌ ላይ ግን ያው ክንፍ በዚያው ፍጥነት የሚያወጣው የማንሳት ኃይል በ24 በመቶ ይቀንሳል። ጠበብ ያለ ኩርባ ሲጠየቅ አየሩ ከክንፉ ገጽ ይላቀቃል፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ቀና እንዳደረገ ወደ መሬት ይሰምጣል።

መፍትሔው ከሦስት አይዘልም። አንዱ ፍጥነት መጨመር ነው፤ የጠፋውን ኃይል ለመመለስ 15 በመቶ መፍጠን ያስፈልጋል። ይህ ዙሩን ወደ 4.5 ሰከንድ ያወርደዋል፤ አብራሪውን ያዋክበዋል፣ የሽቦውንም ጉተታ በ32 በመቶ ያንረዋል። ሁለተኛው ክንፉን ወደ 47 ዴሲ ሜትር ካሬ ማስፋት ነው፤ የሰፋ ክንፍ ግን እንጨትም ቀለምም ይጨምራል። ሦስተኛው ክብደት መቀነስ ነው፦ ያው ክንፍ 910 ግራም ብቻ ቢሸከም ባሕር ወለል ላይ 1,200 ግራም እንደሚሸከመው ሞዴል ይታጠፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቀላል አድርጎ መሥራት ለጌጥ ወይም ለውድድር ነጥብ ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም። የሞዴሉ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የክብደት በጀት

910 ግራም ላይ ለመድረስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ድርሻው ይመደብለታል። ለምሳሌ ክንፍና ፍላፕ 210፣ የአውሮፕላኑ አካል 140፣ ጭራ 35፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሎች 35፣ የማረፊያ እግርና ጎማ 60፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፕሮፔለሩና ከመቆጣጠሪያው ጋር 190፣ ባትሪ 180፣ መሸፈኛ ወረቀትና ቀለም 60 ግራም። ድምሩ ልክ 910 ነው። ግራም የሚለይ ሚዛን የግድ ነው፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ለትልልቁ ክፍል ይበቃል፣ ለጥቃቅኑ ደግሞ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ላይ አንድ ብልጫ አለው። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር የሚስበው አየር በሳሳ መጠን ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ቦሌ ላይ ከአቅሙ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። በባትሪ የሚሠራ ሞተር ይህ አይነካውም፤ የሚቸገረው ፕሮፔለሩ ነው፣ ስሱን አየር ለመጨበጥ ዲያሜትሩ ወይም ጥምዘዛው ጨመር ማለት አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ከኋላ ያለውን ክብደት ነው። ጭራው ከክብደት ማዕከሉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ አፍንጫው 25 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጭራ ላይ የተጨመረ አንድ ግራም አፍንጫ ላይ 2.4 ግራም ማመዛዘኛ ያስፈልገዋል። ጭራ ላይ በግዴለሽነት የፈሰሰ አሥር ግራም ኮላና ቀለም በመጨረሻ 34 ግራም ሆኖ ይገኛል።

እንጨት መምረጥ

የሞዴል አውሮፕላን ዋና እንጨት ባልሳ ነው። ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመጣ ዛፍ ሲሆን፣ ለሞዴል የሚፈለገው አንድ ሜትር ኩብ ከ100 እስከ 160 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሁለት የባልሳ ሉሆች በመልክ አንድ ዓይነት ሆነው በክብደት ሊራራቁ ይችላሉ። አንድ ሜትር ርዝመት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ሉህ ከቀላሉ ከሆነ 15 ግራም፣ ከከባዱ ከሆነ 24 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሉህ ተመዝኖ ክብደቱ በእርሳስ ይጻፍበታል። ቀላሉ ለጭራና ለክንፍ ጫፍ፣ መካከለኛው ለክንፉ ጎድኖች፣ ጠንካራውና ከባዱ ለክንፉ ወራጆች ይለያል።

አገር ውስጥ ያለው እንጨት አብዛኛው ለዚህ ሥራ ይከብዳል። ባሕር ዛፍ፣ ጥድና ዋንዛ ከባልሳ ሦስት፣ አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ይመዝናሉ። ቢሆንም ቦታ አላቸው፤ ሞተሩ የሚታሰርበት ተሸካሚ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፣ የሞተሩ ግድግዳ ከሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። ቀርከሃ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ሲላግ ለክንፍ ጫፍ ጠርዝና ለመግፊያ ዘንግ ይሆናል፤ ለክብደቱ የሚሰጠው ጥንካሬ ጥቂት እንጨቶች ብቻ የሚደርሱበት ነው። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዓሣ አጥማጆች ታንኳ የሚሠሩበት የረግረግ ዛፍ ደግሞ በቅለቱ ከባልሳ ጎን የሚቆም ነው። ይሁንና ለስላሳና ደካማ ስለሆነ ጭነት ለማይሸከም ቦታ፣ ለምሳሌ ተቀርጾ ለሚቦረቦር የክንፍ ጫፍ ብቻ ይሆናል።

ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ፎምም በጋለ ሽቦ ተቆርጦ ክንፍ ይሆናል። ነገር ግን የዚህ ሞዴል ክንፍ አሥር ሊትር ገደማ ይዘት ስላለው፣ ውስጡ ካልተቦረቦረ ፎሙ ብቻ 150 ግራም ይወስዳል። በተጨማሪ የናይትሮ ቀለምና ቲነር ፎምን ያቀልጡታል፤ ፎም የመረጠ ሰው ከውሃ ጋር በሚሠራ ኮላና ቀለም መጽናት አለበት።

ክንፍ፣ አካልና መቆጣጠሪያ

ክንፉ ከላይም ከታችም እኩል የጎበጠ ነው፤ በጀርባ ሲበርም በደረቱ እንደሚበርበት መሆን አለበትና። የውፍረቱ ከፍታ ከክንፉ ወርድ 18 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት የኮምፔንሳቶ አብነቶች ተቆርጠው በመካከላቸው የባልሳ ቁራጮች ይደረደራሉ፤ ሁሉም በአንድነት በብርጭቆ ወረቀት ሲሞረዱ ጎድኖቹ ልክ በልክ ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ጎድን መሀል ጠርዙ ብቻ ቀርቶ ይወጣል። ሥራው የሚገጣጠመው ዝንፍ በማይል ገጽ ላይ ነው፤ ወፍራም መስታወት ጥሩ ገበታ ይሆናል። እዚህ ላይ የተጣመመ ክንፍ በኋላ በምንም አይቃናም።

ኮላ የሚጨመረው መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነው። መጋጠሚያው በትክክል ከገጠመ ስስ ቅብ ይበቃዋል፣ ክፍተት ካለው ግን ኮላ ቢሞላበትም አይጠነክርም፤ ክብደት ብቻ ይጨምራል። ነጭ የእንጨት ኮላ ሲደርቅ ውሃው ስለሚተን ይቀላል። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት የኢፖክሲ ዓይነቶች ግን የተቀቡትን ያህል ይመዝናሉ፤ ስለዚህ ለሞተሩ ግድግዳና ለማረፊያ እግሩ ብቻ ይቀመጣሉ።

የመቆጣጠሪያው ልብ ቤልክራንክ ነው፦ ክንፉ መሀል በብሎን ላይ የሚሽከረከር፣ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ቁራጭ። ሁለቱ ሽቦዎች በሁለቱ ጫፎቹ ይታሰራሉ፤ ሦስተኛው ጫፍ ፍላፑን፣ ፍላፑም ኤሌቬተሩን ይገፋል። ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ሲነሣ ፍላፑ ወደ ታች ይወርዳል፤ ክንፉ በዚያች ቅጽበት ይበልጥ ይጎብጥና ለኩርባው የሚያስፈልገውን የማንሳት ኃይል ይሰጣል። መጠነኛ ሻካራነት እንኳ እጅ ላይ ስለሚታወቅ፣ ክንፉ ከመሸፈኑ በፊት ማጠፊያዎቹ ሁሉ በራሳቸው ክብደት እስኪወድቁ ድረስ ይለሰልሳሉ።

አጨራረስ፦ ግራም የሚደበቅበት ቦታ

እስከዚህ ድረስ የተቆጠበው ክብደት በአንድ ሳምንት የቀለም ሥራ ሊመለስ ይችላል። የሞዴሉ ጠቅላላ ገጽ 1.2 ሜትር ካሬ ገደማ ነው። በዚህ ላይ የደረቀ ቀለም በአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢያርፍ 16 ግራም ያህል ይመዝናል። ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር የተደራረቡበት የመኪና ቅብ በቀላሉ ከዚያ አሥራ ሁለት እጥፍ ይወፍራል፤ ያ ወደ 190 ግራም ማለት ነው። ጠቅላላ በጀቱ 60 ግራም ለሆነ ሥራ ይህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በትልልቆቹ ጄቶችም ሒሳቡ አይለወጥም፤ የሰፊ አካል አውሮፕላን ቀለም ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ይደርሳል።

የመጀመሪያው እርከን ከቀለም በፊት ነው። እንጨቱ በመቶ ሃያ ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ እስከ አራት መቶ ድረስ ይለሰልሳል። የብርጭቆ ወረቀቱ በጣት ሳይሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ተለጥፎ ይያዛል፤ ጣት ለስላሳውን እንጨት ይቦረቡረዋል፣ ያ ጉድጓድ ደግሞ በኋላ በከባድ ነገር መሞላቱ አይቀርም። የቀረ ስንጥቅ ካለ ከመኪና ስቱኮ ይልቅ ከራሱ ከባልሳው ብናኝና ከናይትሮ ቫርኒሽ በተለወሰ ሊጥ ይደፈናል።

ቀጥሎ ገጹ በቀጠነ ናይትሮ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በየመሀሉ ይታሻል። ከዚያ ቀጭን ወረቀት ይለጠፍበታል። ስጦታ የሚጠቀለልበት ስስ ወረቀት በሜትር ካሬ 18 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሞዴሉን በሙሉ ለመሸፈን 22 ግራም ይበቃል። ወረቀቱ ደረቁን ይዘረጋል፤ ቲነር በብሩሽ ሲነካው ከሥር ያለው ቫርኒሽ ይሟሟና ይይዘዋል። እንጨት በሌለበት የክንፍ ክፍል ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ውሃ እፍ ይባልበታል፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በዚህ ሰዓት ክንፉ ገበታው ላይ ተጭኖ መዋል አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጎን ቀድሞ ሲኮማተር ክንፉን ያጣምመዋል። በቫርኒሹ ላይ ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ቢጨመር ቅቡ ይለዝባል፣ ከዓመት ዓመትም መኮማተሩ ይቀንሳል።

የወረቀቱን ቀዳዳና የእንጨቱን ጭረት ለመድፈን ለሕፃናት የሚነሰነስ ታልክ ፓውደር ከቫርኒሽ ጋር ይቀላቀላል። ይህ ድብልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀባና በብርጭቆ ወረቀት ሊጠፋ እስኪቃረብ ይታሻል። የሚፈለገው ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ የቀረው ሁሉ ትርፍ ክብደት ነው። በየእርከኑ ሞዴሉ ይመዘናል። ከተቀባ በኋላ ወዲያው የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል፤ ከተረጨው ውስጥ አብዛኛው የሚተን ቲነር ስለሆነ ትክክለኛው ክብደት የሚታወቀው ቢያንስ በማግሥቱ ነው።

ቀለም ሲመረጥም ክብደት ይታያል። ነጭ ከሥሩ ያለውን ለመሸፈን ብዙ ዙር ይፈልጋል፣ ዱቄቱም ከባድ ነው። ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ቡናማ በአንድ ስስ ዙር ይሸፍናሉ፤ ጥቁር ቀለም ግን በአዲስ አበባ ፀሐይ ስለሚግል ወረቀቱን ሊያላላ ይችላል። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት ራሱ ባለቀለም የሆነ ወረቀት ለጥፎ፣ ቀለም የሚረጨውን በመስመርና በምልክት ብቻ መወሰን ነው። ቦሌ፣ ገርጂና ሃያ ሁለት አካባቢ ባሉ ጋራዦች ኮምፕረሰር ያላቸው ቀለም ቀቢዎች ሞዴሉን በጥሩ ሁኔታ ሊረጩ ይችላሉ። ይሁንና የመኪና ልማድ ወፍራምና አንጸባራቂ ክሊር ነው፤ አስቀድሞ አንድ ስስ ዙር ብቻ እንዲሆን መስማማት ያስፈልጋል። ብርቅርቅታው የሚገኘው በኋላ በሁለት ሺህ ቁጥር ወረቀትና በማወልወያ በማሸት ነው፤ ማሸት ደግሞ ክብደት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ወቅቱም የራሱ ሕግ አለው። በክረምት ቲነር ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው፣ እርጥቡ አየር ላዩ ላይ ይጤዝና ቅቡ ነጭ ጉም ይለብሳል። መፍትሔው በደረቅ ቀን ስስ ቲነር ረጭቶ ጉሙን ማሟሟት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በዚያ ጊዜ ችግሩ ይገለበጥና ቲነሩ ከመርጫው እስከ ገጹ ሳይደርስ እየተነነ ቀለሙን ያሻክረዋል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ይመረጣል። ናይትሮ ፈጥኖ የሚቀጣጠል በመሆኑ በር ተከፍቶ፣ ማስክ ተደርጎ ይሠራል። በዚያው ግቢ የቡና ከሰል ከተያያዘ ቀለሙ ይቆይ።

ሚዛንና የመጀመሪያ በረራ

ሞዴሉ ሲያልቅ ባትሪው ገብቶ የክብደት ማዕከሉ ይለካል፤ ንድፉ ካመለከተው ቦታ ካልገጠመ መጀመሪያ ባትሪው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋል፣ እርሳስ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። በቀኝ ክንፍ ጫፍ ከ15 እስከ 30 ግራም ይደረጋል፤ ይህ በግራ በኩል ያሉትን ሽቦዎች ያመዛዝናል። ቅለት ወሰን አለው። የ1,200 ግራም ሞዴል ሽቦውን በ3.4 ኪሎ ግራም ኃይል ይጎትታል፤ የ910 ግራሙ ግን በ2.6 ብቻ ሲሆን፣ በአብራሪው አናት ላይ ሲደርስ ወደ 1.7 ይወርዳል። ሽቦ ከላላ መቆጣጠሪያ የለም። ስለዚህ ሽቦዎቹ ከክንፉ የሚወጡበት ቦታ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚስተካከል ሆኖ ይሠራል፤ ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከክቡ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ጉተታውም ይጨምራል።

ከእያንዳንዱ የበረራ ቀን በፊት መያዣው፣ ሽቦዎቹና ቤልክራንኩ አንድ ላይ ከሞዴሉ ክብደት አሥር እጥፍ በሆነ ኃይል ተስበው ይፈተናሉ፤ ለዚህ ሞዴል ከዘጠኝ ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። የተጠማዘዘ ወይም ክሩ የተበጠሰ ሽቦ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ቦታው ሃምሳ ሜትር ዲያሜትር ያለው ነጻ ሜዳ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ይበቃል። አውሮፕላኑ ከሽቦው ርዝመት በላይ ሊወጣ ስለማይችል እንደ ድሮን ወደ አየር መንገዶች አይዘልቅም፤ ቢሆንም በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ምንም ነገር ከመብረሩ በፊት የሜዳውን ባለቤትና የሚመለከተውን አካል ማስፈቀድ ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ሜዳ ፈጽሞ አይታሰብም፤ እጅ ውስጥ ያለው ሽቦ ብረት ነው። መብረቅ ሲያጉረመርም በረራው ወዲያው ይቆማል። አመቺው ሰዓት ጠዋት ነው፦ ነፋሱ ገና አልተነሣም፣ ቀዝቃዛው አየርም ከከሰዓቱ ይልቅ አምስት በመቶ ያህል ጥቅጥቅ ይላል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉት ነፋሱ በአብዛኛው በዚያ መስመር ስለሚነፍስ ነው፤ የአክሮባት ቅርጾችም አብራሪው ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ ሞዴሉን ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ይዞ ይሠራሉ፤ እዚያ ነፋሱ ራሱ ሽቦውን ይወጥራል።

የመጀመሪያዎቹ በረራዎች በአንድ ከፍታ መብረር፣ ቀስ ያለ መውጣትና መውረድ ብቻ ናቸው። የዙሩ ሰከንድ ይለካል፤ ሞዴሉ በክብ ግርጌ የሚሰምጥ ከሆነ በመጀመሪያ የክብደት ማዕከሉና የፍላፑ እንቅስቃሴ ይታያል፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ በትንሹ ይጨመራል። በበጀቱ ውስጥ ያለቀ ሞዴል በ5.2 ሰከንድ ዙር ሙሉውን የአክሮባት ተርታ ይወጣዋል፤ ከበጀቱ መቶ ግራም ያለፈው ያንኑ ተርታ ለመሥራት ወደ 4.9 ሰከንድ መውረድ ይኖርበታል።